ማጎሮኩና የነፋሱ መሐላ

በኢማዙ መንደር ማጎሮኩ በተቀመጠበት ስለ ነፋስ አይወራም ነበር። ኑሯቸው በነፋስ የሆነ ዓሣ አጥማጆች እንኳ እሱ ብቅ ሲል "ባሕሩ ዛሬ እንዴት አደረ?" ይባባላሉ እንጂ "ነፋሱስ?" የሚል አይገኝም። ረስቶ ቃሉ ያመለጠው ሰው የቀኑን እኩሌታ ያጣል።

ይህን የማያውቅ አንድ ማበጠሪያ ነጋዴ በጸደይ መጣ። ከመንደሩ መግቢያ ካለችው መጠጥ ቤት ተቀምጦ የሩዝ ጠጁን ፉት አለና ባሕረ ሰላጤውን በአገጩ እያመለከተ፣ "ያ የተባረከ ነፋስ ባይደርስልን ኖሮ፣ ዛሬ ሁላችንም ለሞንጎል ፈረስ ሣር አጫጆች ነበርን" አለ። ጠጪው ሁሉ ዓይኑን ወደ ጽዋው ጣለ።

በደጁ ሲያልፍ የሰማው ማጎሮኩ የተሸከመውን የባሕር ቅጠል ቅርጫት አስቀመጠ። ነጋዴውን በእጅጌው ይዞ አስነሣው፤ ከነማበጠሪያው ሳጥን እየጎተተ ባሕር ዳር አደረሰው። እዚያ ከአንድ ሰው ተኩል ቁመት የሚበልጥ የድንጋይ ግንብ ከአሸዋው ላይ ተነሥቶ፣ ዓይን እስኪታክተው ድረስ የባሕሩን ዳርቻ ተከትሎ ይሄዳል።

"ውጣና ተቀመጥ" አለው።

ነጋዴው ወጥቶ ተቀመጠ።

"ምን ላይ ነው የተቀመጥከው?"

"ድንጋይ ላይ።"

"ጎሽ። አሁን ደግሞ ነፋሱ ላይ ተቀመጥ።"

"ኧረ ጌታው! ነፋስ ላይ እንዴት ይቀመጣል?"

"እኮ! እኔም አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ነፋስማ እዚህ በየክረምቱ ይመጣል። የኔን ጣራ ብቻ ስንቴ ወስዶታል! ሞንጎሎቹን ያገኛቸው የት ነው?"

"መርከብ ላይ ነዋ።"

"በዚያ ሐሩር፣ በዚያ ዶፍ፣ ሁለት ወር ሙሉ መርከብ ላይ ምን ይሠሩ ነበር? ሽርሽር ነው? ጠላትን ሊወጋ የመጣ ሰው ምን ቆርጦት ነው መርከብ ላይ የሚከርመው?"

"መውረጃ አጥቶ ይሆናላ።"

"መውረጃ ያሳጣው ማነው?"

"ግንቡ" አለ ነጋዴው በቀስታ።

"አልሰማሁም!"

"ግንቡ!"

"ውረድ በል። መንገድህን ሂድ" አለው ማጎሮኩ። ነጋዴው በዚያ ቀን አንዲት ማበጠሪያ ሳይሸጥ ከኢማዙ ወጣ።

ማጎሮኩ የኢማዙ ሰው አልነበረም። የተወለደው በደሴቲቱ ደቡባዊ ጫፍ በኦሱሚ ነው። ሞንጎሎች ለመጀመሪያ ጊዜ የመጡ ጊዜ አሸዋው ላይ እንደ እንግዳ ተራምደው ወጡ፤ ሃካታን አቃጠሉ፤ ሄዱ። ተመልሰው እንደሚመጡ ያላወቀ አልነበረም። እንግዲህ መንግሥት አንድ ትእዛዝ አወጣ፤ የደሴቲቱ ሕዝብ ሁሉ ባሕረ ሰላጤውን በግንብ ይጠር፣ ድርሻውም በእርሻ ልክ ይሁን፣ ለአንድ መደብ የሩዝ ማሳ የአንድ አውራ ጣት ስፋት ግንብ። የእነማጎሮኩ መንደር የነበራት ማሳ አርባ መደብ ነው። ስለዚህ አራት ሰዎች አሥራ አንድ ቀን በእግራቸው ተጉዘው፣ ያገር ኮረብታ አቋርጠው፣ ሦስት ጊዜ የገለባ ጫማ ቀይረው፣ አርባ አውራ ጣት ግንብ ሊሠሩ መጡ። አርባ አውራ ጣት ማለት አንድ ወፍራም ሰው የሚያልፍበት በር ማለት ነው።

ከአራቱ አንዱ የማጎሮኩ ታላቅ ወንድም ያይቺ ነበር። ሥራው ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው፣ በመሸከሚያው ግንድ ላይ የተንጠለጠለች አንዲት ቀላ ያለች ድንጋይ ገመዷን በጠሰች። ያይቺ ከሥሯ ነበር። ማግሥቱን ያቺን ድንጋይ ምን እንደሚያደርጓት ግራ ገባቸው። ወደ ባሕር ሊጥሏት አልቻሉም፤ ተሸክመው ሊመልሷትም አልሆነም። በመጨረሻ ከግንቡ ውስጥ፣ ከጉልበት ከፍ ብላ ገባች። ሁለቱ ሰዎች ወደ ኦሱሚ ተመለሱ። ማጎሮኩ ግን እናቱ ደጃፍ ላይ ብቻውን ሲደርስ ምን ብሎ እንደሚናገር አጥንቶ አጥንቶ አልተገኘለትም። "ነገ እሄዳለሁ" እያለ ቆየ። እናቱ ሞተች። እሱ ኢማዙ ቀረ።

የሞንጎሎች መርከቦች ለሁለተኛ ጊዜ ባሕሩን የሸፈኑ ዕለት ማጎሮኩ በአርባዋ አውራ ጣት ላይ ቆሞ ነበር። ጀልባዎቻቸው ተጠጉ፤ በውስጣቸው ያሉት ሰዎች ግንቡን አዩ፤ ገበያ ደርሰው በሩ ተዘግቶ እንዳገኙ ሰዎች እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ተመለሱ። ከዚያ በኋላ በደሴቶቹ መካከል ወዲያ ወዲህ ሲሉ ከረሙ። የሚጠጡት ውኃ ሸተተ፤ ሕመም ገባባቸው፤ መርከቦቻቸውን በሰንሰለት አያያዟቸው። ነፋሱ የመጣው በመጨረሻ ነው። ማጎሮኩ ነፋሱን አልካደም። "ነፋሱ ሬሳ ቀባሪ ነው። ገዳዩን ግን እኔ አውቀዋለሁ፤ ድንጋይ ነው" ይል ነበር።

ከነፋሱ በኋላ አገሩ በሙሉ ሽልማት ጠያቂ ሆነ። ጦረኛው ሦስት ሰው ገደልኩ ብሎ ጠየቀ። ካህኑ ሦስት ሌሊት ጸለይኩ ብሎ ጠየቀ። ያልጠየቀው ግንቡ ብቻ ነበር። እሱ እንዲያውም ይጠየቅ ነበር፤ ማዕበል ሥሩን በበላው ቁጥር፣ በየዓመቱ፣ በአውራ ጣት ልክ ድንጋይ አምጡ ይባላል። ማጎሮኩም ቶራ የምትባል፣ ባሏ የሞተባት ጨው አንጣሪ ሴት አግብቶ ኢማዙ ሲቀመጥ፣ የኢማዙ የድንጋይ ግዴታ እሱንም አገኘው። በደስታ ተሸከመ። በዚያ መንደር በደስታ የተሸከመ እሱ ብቻ ነበር።

ማበጠሪያ ነጋዴው በሄደ በሳምንቱ ጭቃ ሹሙ ሄይታ ወደ ማጎሮኩ ቤት መጣ። የሩዝ ጠጅ ይዞ ነው የመጣው። ቶራ ማሰሮውን ስታይ፣ "አንድ ነገር ፈልጓል" አለች፣ እሱ እየሰማት።

"ማጎሮኩ፣ ያንተን ቃል ሰው ሁሉ ያምናል" ብሎ ጀመረ ሄይታ።

"ማንም አምኖኝ አያውቅም።"

"እሱን ነው የምልህ! ስለ ግንቡ ስትናገር ማንም አላመነህም። ስለ ነፋሱ ብትናገር ግን ሃካታ ድረስ ያምኑሃል።"

ማጎሮኩ ጽዋውን አስቀመጠ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የኮረብታው አድባር ካህን ለሃካታ ሹማምንት ማመልከቻ ጽፏል፤ ያንን ነፋስ የላከው የኔ አድባር ነው፣ ስለዚህ ኢማዙ ለአድባሩ ትሰጥ ይላል። የአድባር መንደር ደግሞ ድንጋይ አይሸከምም። በበዓል ቀን ግቢ መጥረግና አንድ ቀይ ዓሣ ማቅረብ ብቻ ነው ዕዳው። ሹማምንቱ መልስ ልከዋል፤ የአድባሩ ወገን ያልሆነ፣ በዚያ ክረምት ግንቡ ላይ የቆመ ምስክር ይማልልን ብለዋል።

"መንደሩ ውስጥ በዚያን ጊዜ ግንቡ ላይ የቆመ አንተ ብቻ ነህ" አለ ሄይታ።

"ሌሎቹስ?"

"ሌሎቹ ሸሽተው ነበር። እኔ ራሴ ተራራው ላይ ነበርኩ፣ አታስለፍልፈኝ።"

"ታዲያ ተራራ ላይ ሆነህ አድባሩ ሲነፍስ አላየኸውም?"

"አንተ ሰውዬ፣ ቀልዱን ተወው! በዚህ ዓመት ደግሞ ግንቡን አንድ ክንድ ከፍ አድርጉ ተብሏል። አንድ ክንድ! ሃያ ሦስት ቤት ነን። ምን በልተን ነው?"

ማጎሮኩ እምቢ አለ። እጁን እያወዛወዘ እምቢ አለ፤ ተነሥቶ እምቢ አለ። ሄይታ ማሰሮውን ትቶ ጽዋውን ይዞ ወጣ፤ ተናዶ ስለነበር አልታወቀውም።

ቶራ እሳቷን እየቆሰቆሰች ዝም አለች። የቶራ ዝምታ ጥሩ ነገር ይዞ መጥቶ አያውቅም።

"በይ ተናገሪ" አላት።

"እኔ ምን አልኩ?"

"ዝም አልሽ።"

"የጌንታን እጅ እያሰብኩ ነው።" ጌንታ የልጇ የሳዮ ባል ነው። ባለፈው ዓመት ድንጋይ ሲያነሡ ከግራ እጁ ሦስት ጣት ግንቡ ውስጥ ቀርቷል። "በዚህ ዓመት አንድ ክንድ ከፍ ይላል አሉ። ሰባት ጣት አለው። ምናልባት ይበቃ ይሆናል።"

"ቶራ..."

"ግንብህ ቆሟል። ባሕሩ አላፈረሰው፣ ሞንጎል አላፈረሰው፣ አንተ ነፋስ ነው ብትል ይፈርሳል? እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ከዚያ ዝም እላለሁ። ያይቺን የገደለው ሞንጎል ነው?"

ማጎሮኩ የሄይታን ጠጅ ከነማሰሮው አንሥቶ ጠጣ፤ ጽዋ አልነበረማ።

"ልዋሽ ነው እንግዲህ" አለ።

"አንድ ጊዜ ብቻ" አለች ቶራ።

የአድባር መሐላ ግን አንድ ጊዜ ምሎ የሚኬድበት አይደለም። የሚምለው ሰው ከማለ በኋላ ሰባት ቀን በአድባሩ ግቢ ይቀመጣል፤ ሹም የላከው ታዛቢም አጠገቡ ይቀመጣል። በሰባቱ ቀን ውስጥ አፍንጫውን ቢነስረው፣ ቢታመም፣ ሲበላ ወይም ሲጠጣ ትን ቢለው፣ ልብሱን አይጥ ቢበላው፣ ወይም ቁራ ወይም ጭልፊት ኩሱን ቢጥልበት፣ መሐላው ሐሰት ነው። ምንም ካላገኘው እውነት ነው። ሕጉ የተጻፈ ነበር፤ ኩሱም ጭምር።

ታዛቢው ሳዳያሱ የሚባል ከሃካታ የመጣ ጸሐፊ ነበር። ሠላሳ ያልሞላው ደረቅ ሰው ነው፤ በሕይወቱ ቀልድ ተነግሮት የሚያውቅ አይመስልም። ካህኑ ለማጎሮኩ አዲስ ነጭ ልብስ አለበሰው። "ለአድባሩ ክብር ነው፣ እንከን ካለ ወዲያው ይታያል" ብሎ ለሳዳያሱ አስረዳ። ከዚያ ቃሉን አነበበ፤ ሞንጎሎችን የመለሰው የዚህ አድባር ነፋስ እንጂ የሰው እጅ አይደለም፣ ይህ ሐሰት ቢሆን የአማልክት ቅጣት በማጎሮኩ ሰማንያ አራት ሺህ የፀጉር ቀዳዳ ይግባ።

"መላጣ ነው እኮ፣ ግማሹ ይቀርለታል" አለ ከኋላ አንድ ዓሣ አጥማጅ። ሄይታ በክርኑ ጎሸመው።

የቁራ ሥዕል የታተመበት የመሐላ ወረቀት ተቃጠለ፤ አመዱ በውኃ ተበጠበጠ፤ ማጎሮኩ ተቀበለው። መንደሩ ትንፋሹን ዋጠ። ማጎሮኩን በጣም ቀላል ነገር ትን ይለዋል፤ ተናግሮ ሲውጥ ትን ይለዋል፣ ስቆ ሲውጥ ትን ይለዋል። ቶራ ከአጥር ውጭ ሆና ጉሮሮዋን በእጇ ይዛ እሱ ሲውጥ አብራው ትውጥ ነበር። አመዱ ወረደ። ሃያ ሦስት ቤት ተነፈሰ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ኢማዙ ሌላ ሥራ አልነበራትም። ከየቤቱ ድመት ተሰበሰበ፤ ሰባት ድመቶች በአድባሩ ግቢ ተለቀቁ። ከሰባቱ አምስቱ ሲጣሉ፣ አንዷ ወለደች፣ አንዱ የአድባሩን የዓሣ መሥዋዕት በላ፤ አይጥ የያዘ ግን አልነበረም። ለማጎሮኩ ሾርባና የላላ የሩዝ ገንፎ ብቻ ይሄድለታል። አጠገቡ መቀለድ ክልክል ሆነ። በግቢው ላይ ደግሞ ከጣራ እስከ ዝግባ የዓሣ መረብ ተዘረጋ።

ሳዳያሱ ቀና ብሎ መረቡን አየ። "ይህ ምንድን ነው?"

"መረብ ነው ጌታዬ፤ ለማድረቅ ነው" አለ ሄይታ።

"ጣራ ላይ?"

"ፀሐይዋ የምትቀርበው ከዚያ ስለሆነ ነው።"

ሳዳያሱ ብሩሹን አንሥቶ ጻፈ። ምን እንደጻፈ አልታወቀም።

በሦስተኛው ቀን ማጎሮኩ አነጠሰ። ከዚያ በእጅጌው አፍንጫውን ሲጠርግ ነጩ ጨርቅ ላይ ቀይ ነገር ታየ። ሳዳያሱ ተነሣ። ካህኑ ተቀመጠ። ጸሐፊው እጅጌውን ይዞ አየው፤ አሸተተው፤ ለሕጉ ሲል በምላሱ ጫፍ ነካው። ፊቱ እንደ አሮጌ ቆዳ ተጨማደደ።

"ኮምጣጣ ፍሬ ነው፤ ፕለም" አለ።

"ለገንፎው ማባያ ነበር ጌታዬ" አለ ማጎሮኩ። "አንድ ፍሬ ቀርቶኛል፣ ላቅምስዎት?"

በአምስተኛው ቀን ብሶ መጣ። ካህኑ ነጩን ልብስ ያለበሰው ከላይ ብቻ ነበርና፣ ከሥሩ በለበሰው አሮጌ ሸማ ላይ፣ ብብቱ ሥር፣ ሳዳያሱ ቀዳዳ አገኘ። ዳር ዳሩ የተቆረጠመ ይመስላል። አይጥ ነው? ዱሮ የተቀደደ ነው? ምስክር ተጠራ። ቶራ መጣች። መንደርተኛው ሁሉ አጥሩ ላይ ተደርድሮ ነበር።

"ይህን ቀዳዳ ታውቂዋለሽ?" አላት ሳዳያሱ።

ቶራ በመንደሩ ውስጥ በእጇ ሥራ የምትኮራ ሴት ነበረች። ፊቷ ቀላ፣ ከዚያ ገረጣ። ከዚያ አንገቷን ቀና አደረገች።

"የኔ ነው ጌታዬ" አለች። "ሦስት ዓመት ሆኖታል። ዛሬ እሰፋዋለሁ ነገ እሰፋዋለሁ ስል ነው የቆየው። ሰነፍ ሴት ነኝ።"

"ጮክ ብለሽ ተናገሪ፤ መጻፍ አለበት።"

"ሰነፍ ሴት ነኝ!" አለች ቶራ። ከአጥሩ ወዲያ አንዲት ጎረቤቷ፣ "አሥራ ሰባት ዓመት ስለው የኖርኩትን ዛሬ ራሷ አመነች!" አለች። ማጎሮኩ ሳቁን ይዞ ይዞ ዕንባው ወረደ። ደግነቱ በዚያን ሰዓት አፉ ውስጥ ምንም አልነበረም። ቀዳዳው የአንድ ቀን ዕድሜ እንደነበረው እሱና ቶራ ብቻ ያውቃሉ፤ አይጡም ያውቃል።

ስድስተኛው ቀን ጸጥ ያለ ነበር። ከአድባሩ ደጃፍ ተቀምጦ ቁልቁል ሲያይ ግንቡ ሙሉ በሙሉ ይታየው ነበር። ከሩቅ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ የማን ድርሻ የት እንደሚጀምር የት እንደሚያልቅ አይለይም። እሱ ግን ዓይኑን ጨፍኖም ያገኘዋል። ከትልቁ ጥድ በስተግራ፣ ቀላ ያለችው ድንጋይ።

በልቡ ያፈረው ውሸቱ ከባድ ስለሆነ አልነበረም። ስድስት ቀን ሙሉ ምንም ስላላገኘው ነው። ያ ሁሉ ድንጋይ፣ ያ ሁሉ ሰው፣ ያይቺ፤ ይህን ሁሉ "የሰው እጅ አይደለም" ሲል ሰማይ አንድ ነገር አይልም? አንዲት ጠብታ የአፍንጫ ደም እንኳ? ምናልባት ማበጠሪያ ነጋዴው ልክ ነበር። ምናልባት ነፋሱ ብቻ ነበር፤ ያይቺ የሞተው ለአንድ በር ስፋት ድንጋይ ነው።

ወደ አድባሩ ዘወር አለ። ካህኑ የለም፣ ሳዳያሱ ብሩሹን እያጠበ ነው።

"አንተ የምትነፍሰው" አለ በሹክሹክታ። "ያን ቀን እኔም ነበርኩ አንተም ነበርክ። ሌላውን እናታልለው፣ እኔና አንተ ግን አንተዋወቅም ወይ? ውሸቴን ከወደድከው ዝም በል። ካልወደድከው ቁራህን ላክ።" ከዚያ የጌንታ እጅ ትዝ አለውና ደነገጠ። "ቀልዴን ነው። አትላክ" አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ "ብትልክ ግን አልጠላም" አለ።

በሰባተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ መሐላው ይፈታል። የማለው ሰው ከአዳራሹ እስከ ደጁ ሃያ ርምጃ ይራመድና ቃሉን ይሰጣል። መንደሩ ከደጁ ውጭ ተሰልፏል። ጌንታ ፊት ለፊት ነው፤ ሳዮ አጠገቡ፣ ቶራ ከኋላቸው።

ሳዳያሱ ወደ ሄይታ ዞረ። "ዛሬ ዓሣ አታጠምዱም?"

"ዛሬማ በዓል ነው ጌታዬ።"

"መረባችሁ ሰባት ቀን ደረቀ። አውርዱት።"

መረቡ ወረደ። ሰማዩ ባዶውን ቀረ። ምንም ነገር አይንቀሳቀስም፤ የዝግባው አንዲት ቅጠል እንኳ ዝም ብላለች። ከደጁ አግዳሚ እንጨት ላይ አንድ ቁራ ተቀምጧል።

ማጎሮኩ መራመድ ጀመረ። ሳዳያሱ ወረቀቱን ይዞ ከፊቱ ወደ ኋላ እየተራመደ ይሄዳል፣ ዓይኑን ከነጩ ልብስ ሳይነቅል። አሥር ርምጃ። አሥራ አምስት። መንደርተኛው በከንፈሩ አብሮት ይቆጥራል። ቁራው ተነሣ፤ ከራሳቸው በላይ አለፈ።

በቀኝ ትከሻው ላይ፣ የመሸከሚያው ግንድ ለዓመታት ባደነደነው ቦታ፣ አንድ ነገር ጠብ አለ። ለብ ያለ ነው።

ማጎሮኩ ክው ብሎ ቆመ።

ሳዳያሱም ቆመ። ትከሻውን አየ። ኩሱ ነጭ ነበር፤ ልብሱም ነጭ ነበር። ካህኑ ለአድባሩ ክብር ብሎ ያለበሰው፣ ፀሐይ ሲመታው ዓይን የሚያጥበረብር አዲስ ነጭ።

"ምን ነካህ?" አለ ሳዳያሱ።

ማጎሮኩ አፉን ከፈተ። አሥራ ሁለት ዓመት የጠበቀው ነገር ይህ ነበር። ማበጠሪያ ነጋዴ አይደለም፣ ዓሣ አጥማጅ አይደለም፤ ራሱ ነፋሱን ላከ የተባለው ተናግሯል፣ እኔ አይደለሁም ብሏል። ጣቱን ወደ ትከሻው ቢያመለክት ይበቃል። የመንግሥት ብሩሽ ይጽፈዋል፤ ሃካታ ያነበዋል፤ ያይቺ የሞተባት ድንጋይ ስም ታገኛለች። መንደሩ ደግሞ ነገ ጠዋት ገመድና ግንድ ያነሣል።

ቀና ሲል ጌንታን አየው። ጌንታ ሁለቱን እጆቹን ደረቱ ላይ አጥብቆ ይዞ ነበር፤ ሰባቱም ጣቶች ይታያሉ።

"ነፋስ ነው ጌታዬ" አለ ማጎሮኩ። "ነፋስ ነካኝ።"

ሳዳያሱ ወደ ዝግባው ተመለከተ። አንዲት ቅጠል አልተንቀሳቀሰችም። ቁራው በሄደበት አቅጣጫ አየ። ከደጁ ውጭ የተሰለፉትን ሰዎች አየ፤ ዓይኑ ጌንታ እጅ ላይ ጥቂት ቆየ። ብሩሹ ከወረቀቱ በላይ ተንጠልጥሎ አንዲት የቀለም ጠብታ ወደቀችበት። ከዚያ ጻፈ፤ እየጻፈም ጮክ ብሎ አነበበ።

"በሰባተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ሲሆን፣ ነፋስ ነካው። ሌላ ምልክት የለም።"

ጩኸቱ ድመቶቹን ሁሉ አጥር አዘለላቸው። ሄይታ ካህኑን አቅፎ አነሣው። ከሁሉ ቀድማ ማጎሮኩ ዘንድ የደረሰችው ቶራ ነበረች። አጥብቃ አቀፈችው፤ ትከሻውን በእጅጌዋ ሁለት ሦስት ጊዜ በኃይል ጠራረገችው፣ "አቧራ ይዞሃል፣ አቧራ" እያለች።

ቤት ገብተው ነጩን ልብስ በጨው ውኃ ስትነክረው እሱ ደጁ ላይ ተቀምጦ ነበር።

"ምን አለህ?" አለችው፣ ቀና ሳትል።

"ማን?"

"ቁራው ነዋ።"

ማጎሮኩ ቀኝ ትከሻውን በግራ እጁ ዳሰሰ። "አልተሳሳትክም አለኝ" አለ። ቶራ ልብሱን ከሚገባው በላይ አሸችው።

ኢማዙ ለአድባሩ ተሰጠች። ግንቡን ከፍ የማድረግ ዕዳ ወደ ሌሎች መንደሮች ዞረ፤ የአድባሩም ነፋስ እስከ ሃካታ ስሙ ገነነ። ማጎሮኩ ዛጎል እለቅማለሁ እያለ በየማለዳው ወደ ባሕር ዳር መውረዱን ግን አልተወም። የለቀመው ዛጎል ጥቂት ነው። ከትልቁ ጥድ በስተግራ ያለው ግንብ ደግሞ ማንም ሲጠግነው ሳይታይ ሳይሸራረፍ ከረመ፤ ሰዉ ይህንንም የአድባሩ ተአምር አለው።

ከሦስት ዓመት በኋላ ያ ማበጠሪያ ነጋዴ ተመልሶ መጣ። ከመጠጥ ቤቷ ደጃፍ ማጎሮኩንና ቶራን አንድ ላይ ሾርባ ሲጠጡ ሲያያቸው ሳጥኑን አንሥቶ ሊሸሽ ቃጣው። ከዚያ ግን ብልህ ነጋዴ ነበርና ተጠግቶ እጅ ነሣ።

"ጌታው፣ ያለፈው ጊዜ ስለተናገርኩት ይቅርታዎን" አለ። "አሁን ገብቶኛል። ሞንጎሎቹን ያሸነፋቸው ግንቡ ነው። በየደረስኩበት ይህንኑ እናገራለሁ።"

ሄይታ ከማዕዘኑ ሆኖ ጽዋውን አስቀመጠ።

ማጎሮኩ ነጋዴውን በሐዘኔታ አየው። "ማነው ይህን ያለህ?"

"እርስዎ ነዎታ! ግንቡ ላይ አስቀምጠው..."

"እኔ? ተሳስተሃል ወንድሜ። እኔ የማልኩ ሰው ነኝ፤ የመንግሥት ወረቀት አለኝ። ነፋስ ነው። ከላይ እስከ ታች ነፋስ ነው።"

በዚህ ጊዜ ቶራ ሾርባዋን ፉት ስትል ነበር። ትን አላት፤ ዓይኗ እስኪፈጥ ድረስ ትን አላት። ሄይታ እየሮጠ መጥቶ ጀርባዋን መታ መታ አደረጋት፣ ሌሎቹ በድንጋጤ ወደ በሩ አዩ፣ ጸሐፊ ቆሞ እንደሆነ።

ማጎሮኩ ግን ጽዋውን አንሥቶ ጠጣ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እየሳቀ ውጦ ምንም አላለውም።